ከወተት ቤቱ ደጃፍ የተነሣው ድንጋይ

አበርሄሊግ፣ አርብ ጠዋት
ሜይ 10 ቀን 2024

ኢድዋልዬ፣ የእናቴ ልጅ፤

ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? የገና ካርድህ ላይ "ጉልበቴ በግ መሸለት እምቢ አለኝ" ብለህ ከጻፍክ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ሌላ ነገር ስለማትጽፍልኝ ያቺን አንዲት መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርህም። እኔ ደህና ነኝ። ዳሌዬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኛል፣ እዚህ ደግሞ ዝናብ መች ይጠፋል፣ እንዲሁ ስንነጋገር እንውላለን። ዛሬ ግን ያመመኝ ዳሌዬ ሳይሆን ቁርጭምጭሚቴ ነው፤ ግራም ቀኝም አብጦ ሰማያዊ ሆኗል። ትናንት አራት ሰዎች እግሬን ይዘው፣ የከንቲባነት ሐብሌን እንኳ ከአንገቴ ሳያወልቁ፣ ቁልቁል ዘቀዘቁኝ። አዎ፣ እኔን። የስድሳ ዘጠኝ ዓመቷን ከንቲባ። በገዛ ትእዛዜ!

አትሳቅ። ወይም ሳቅ፣ ሳቅህን ከሰማሁ እኮ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። የምነግርህ ነገር አለኝ፤ ሦስት ወረቀት ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ይኼኛውን ላልቀድ ምያለሁና ዙሪያ ጥምጥም ብሄድም ታገሠኝ፣ እደርስበታለሁ።

ትናንት ዕርገት ነበር፣ በየሰባት ዓመቱ የከተማውን ድንበር የምንዞርበት ቀን። አንተ መቼም አትረሳውም። ከገበያው አዳራሽ ተነሥተን ዘጠኙን የድንበር ድንጋዮች አንድ በአንድ እንጎበኛለን፣ በየድንጋዩም አንድ ልጅ ዘቅዝቀን ራሱን ሦስት ጊዜ ቀስ አድርገን ድንጋዩን እናስነካለን። ወረቀት ይቃጠላል፣ ካርታ አይጥ ይበላዋል፣ ራሱን የተመታ ልጅ ግን ድንበሩን አይረሳም ይሉ ነበር የጥንቶቹ። አሁን አሁን ልጆቹ የብስክሌት ቆብ ያጠልቃሉ፣ ወላጆቻቸውም አስቀድመው ይፈርማሉ። አባባ ቢያይ ምን ይል ነበር!

የዘንድሮው ዙር ግን ጨዋታ አልነበረም። የአውራጃው ምክር ቤት የወንዙን ዳር መስክ ሊወስድብን ነበር። "ድንበራችሁ አኻያዎቹ ጋ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተ አይደለም፣ መኪና ማቆሚያ እናደርገዋለን" ብለው ባለፈው መከር ጻፉልን። መስኩን! ሐሙስ ሐሙስ ገበያተኛው ፈረሱን ፈትቶ ይለቅበት የነበረውን፣ እኔና አንተ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ውስጥ እየተጠራራን የምንጠፋፋበትን መስክ። አሁንም ጭጋጉ እንደዚያው ነው፤ በማለዳ ስታየው ከብቱ እግር የሌለው ይመስላል፣ ዝም ብሎ ነጩ ላይ ይንሳፈፋል። አንዳንድ ቀን ቆሜ ሳይ አንተ ከውስጡ "መረሪድ፣ የት ነሽ?" የምትል ይመስለኛል።

የምክር ቤታችን ጸሐፊ ኤይርዊን የድሮውን ካርታ ይዞ ተከራከራቸው። ካርታው መስኩ ውስጥ ሰባተኛ ድንጋይ አለ ይላል። "ድንጋዩ የታለ ታዲያ?" አሉት። የለም። ጎርፍ ወሰደው ነው የሚባለው። እነሱም "እስከ ዕርገት ድረስ ድንጋዩንም የቆመበትንም ቦታ አሳዩንና መስኩ የእናንተ ይሁን፤ አለዚያ አርፋችሁ ተቀመጡ" አሉ።

ድንጋዩ የት እንዳለ በዚህች ከተማ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሌላው የሚያውቅ ኒውዚላንድ በግ ይሸልታል።

አባባ ድንጋዩን ያመጣው በክፋት አልነበረም፣ ይህን አንተም ታውቃለህ። የድሮው የከተማ አስተዳደር የፈረሰ ጊዜ "ከተማው ከተሻረ ድንጋዩም ባለቤት የለውም" ብሎ በትራክተር ጎትቶ አመጣው። የወተት ቤቱ ደጃፍ መርገጫ ተሰንጥቆ ነበር፣ ልክክ አለለት። ዓሣ የተቀረጸበትን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ቀበረው። ቆይቶ ሲያየው ግን ከተማው የት ተሻረ? ስሙ ነው የተለወጠው። በጸሎት ቤት ድንበር ስለሚነቅል ሰው በተሰበከ ቁጥር አባባ ጫማውን ያይ ነበር። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ሆኖ፣ በምን አፉ "እኔ ነኝ" ይበል!

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሃያ አንድ ዓመትህ ነበር። ምክር ቤቱ ስለ ጠፋው ድንጋይ ሲመክር ከኋላ ብድግ ብለህ "ድንጋዩ እኛ ቤት ነው፣ የወተት ቤታችን ደጃፍ ላይ" አልክ። አባባ ከዘራውን ጨበጠ። የያኔው ከንቲባ ወደ እኔ ዞረ፤ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ስለሆንኩ ውሸት የማልናገር መስሎት። "መረሪድ፣ ወንድምሽ የሚለው እውነት ነው?"

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "እኛ ቤት እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም። ኢድዋል ከልጅነቱም ሕልምና እውነት ይቀላቀልበታል" አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተ ግን እኔን ብቻ አየህ። በወሩ አገር ጥለህ ሄድክ። አባባ እኮ አላመሰገነኝም፣ ኢድዋልዬ። እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ብቻ ከዚያ ወዲያ ቡና ሳቀርብለት ዓይኔን አያይም ነበር። ያተረፍኩት መስሎኝ አንተንም አጣሁ፣ እሱንም አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ድንጋይ ረግጬው አላውቅም። ወተት ቤት ስገባ እዘልለዋለሁ፤ ባልዲ ይዤም ቢሆን፣ በረዶም ቢሆን። ሰው ሲያየኝ ዳሌዬ ይመስለዋል።

ጥር ላይ ኤይርዊን የድሮ ቃለ ጉባኤ ከምድር ቤት ቆፍሮ አወጣ። ታውቀዋለህ፣ የፖስተኛው ልጅ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "መነጽሬን ያያችሁ?" የሚለው። በስብሰባው መሐል፣ "ክብርት ከንቲባ፣ አንድ ነገር አግኝቻለሁ፣ ላንብበው?" አለኝ።

"አንብበው እንጂ" አልኩ፣ ምን እንደሆነ መች አውቄ።

"'በግ ሸላቹ ኢድዋል ፒው ድንጋዩ በአባቱ ቤት እንደሚገኝ ተናገረ። እኅቱ ሐሰት ነው አለች። ጉዳዩ ተዘጋ።'"

ጌቲን፣ ሥጋ ሻጩ፣ አሁን እሱም የምክር ቤት አባል ሆኖልሃል፣ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ "ኢድዋል? ያ ሰማይ ሰማይ እያየ የሚሄደው? እሱማ 'የአዳራሹ ሰዓት ከድልድይ ሥር ተንጠልጥሎ አየሁ' ብሎ የማለ ልጅ አይደል እንዴ!" አለ። ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሐብሉን አንገቴ ላይ አድርጌ ፈገግ አልኩና፣ "ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ" አልኩ።

ሁለተኛ ጊዜ ካድኩህ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ለአባባ ብዬ ነው እያልኩ አርባ ሁለት ዓመት ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። ይኼኛውንስ ለማን ብዬ ነው? አባባ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ።

ከዚያ ወዲህ ሕልም አስቸገረኝ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ወተት ቤቱ ውስጥ ቆሜአለሁ፣ ደጁ ወንዝ ሆኗል፣ ውኃው ግን ድምፅ የለውም። ድንጋዩ ላይ ያለው ዓሣ ከሥር ሆኖ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ወዲያ ማዶ ጭጋጉ ውስጥ አንተ ሰባት ዓመት ሆነህ ቆመሃል። ልዝለል ስል እግሬ አይነሣም። ስነቃ ቀኑን ሙሉ ያ ውኃ ካጠገቤ አይለይም፣ የገበያው ጫጫታ እንኳ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ።

እንግዲህ ትናንት። ማለዳ ጭጋግ ነበር፣ ስድሳ ያህል ሰው ወጣ። ከአውራጃውም አንድ የሚያብረቀርቅ ቦት ጫማ ያደረገ ጎልማሳ ካርታውን በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ሄድን፤ ልጆቹ ተገለበጡ፣ ተሳቀ፣ ዘቢብ የበዛበት ዳቦ ተበላ። ስድስተኛው ድንጋይ ጋ ስንደርስ ኤይርዊን አንገቱን ደፍቶ፣ "እንግዲህ ሰባተኛውን እንዝለለውና ወደ ስምንተኛው..." ሲል፣ "እንዝለለው" የምትለዋ ቃል ናት መሰለኝ የሰበረችኝ።

"ሰባተኛው እኔ ቤት ነው" አልኩ።

አንዲት በግ ብቻ ጮኸች።

ኤይርዊን ብዕሩን አወጣ። "ይኼን... ቃለ ጉባኤ ላይ ልያዘው?"

"ያዘው። በ1982 ኢድዋል ፒው የተናገረው እውነት ነበር፣ እኅቱ መረሪድ ናት የዋሸችው ብለህ ያዘው። አሳጥረህ እንዳትጽፍ።"

እትዬ ቴግዌን፣ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ለዚህ ነዋ ደጃፍሽን እንደ ፍየል ስትዘዪው የኖርሽው! እኛ ደግሞ ዳሌዋ ነው እያልን ስናዝንልሽ!" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ፣ እያደር ማለት አርባ ሁለት ዓመት ነው እንዴ? ተይ እንጂ!"

የሚገባኝን ነው ያሉኝ። ስድሳው ሰው ተከትሎኝ ቤት መጣ። ጌቲን ዲጂኖውን ከድንጋዩ ሥር ሰክቶ ተጫነው፤ ድንጋዩ አልነቃነቅ ብሎ ቆየና አንዴ ንቅል ብሎ ተነሣ። ዓሣው አለ፣ ኢድዋልዬ! ሃምሳ ዓመት ዝናብ ስላልነካው ቅርፊቱ እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሌሎቹ ስምንት ድንጋዮች ዓሦች ተፍቀው ጠፍተዋል፣ የእኛው ብቻ ተደብቆ ስለኖረ አማረበት። ጌቲን ቆቡን አወለቀ። "ጥር ላይ ስቄበታለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ስትጽፊለት፣ ጌቲን አፍሯል በይልኝ።" ይኸው ብዬልሃለሁ።

ድንጋዩን በጋሪ ጭነን መስኩ ገባን። ያ ባለ ካርታ ሰውዬ ግን ራሱን እየነቀነቀ፣ "ድንጋዩ መገኘቱ መልካም። ከደጃፍ ላይ የተነሣ ድንጋይ ግን የትም ሊቆም ይችላል። የት ነበር የቆመው? ማን ያውቃል?" አለ። እውነቱን ነው። ካርታው ላይ ያ ጥግ ውኃ ነክቶት ደብዝዟል። መስኩ ደግሞ ሰፊ ነው። ስድሳ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ባለ ካርታው የእጅ ሰዓቱን አየ።

ያኔ ነው ትዝ ያልከኝ። በሰባት ዓመትህ፣ ሰባተኛው ላይ የተገለበጥከው አንተ ነበርክ። ማታ የእማማን የበግ መረቅ በባሮ ሽንኩርት እየበላን፣ "ሰዓቱን አየሁት! ከድልድዩ ቅስት ሥር ተንጠልጥሎ!" አልክ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ሁሉን አዋቂ፣ "ውሸታም፣ ከመስኩ ሰዓቱ አይታይም" አልኩህ። አይታይምም እኮ፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው አኻያውና ድልድዩ ይጋርዱታል። "አይቻለሁ" ብለህ መረቁ ላይ አለቀስክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ውሸታሙ" እያልኩ ስጠራህ አደግን። ስሙ ካንተ ጋር ስለኖረ፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አንድ ቃል ጣል ሳደርግ ሰው ለማመን አልከበደውም።

"ገልብጡኝ" አልኩ።

"ምን?" አለ ጌቲን።

"እግሬን ይዛችሁ ገልብጡኝ። ሰዓቱ የሚታይበት ቦታ ላይ ነው ድንጋዩ የነበረው።"

"እትዬ መረሪድ፣ ጎንበስ ብለሽ ብታይስ?"

"ልማዱ ጎንበስ ይላል እንዴ? እንዳይረሳ ነው የሚገለበጠው። የረሳሁት ደግሞ እኔ ነኝ።"

ኤይርዊን ጉሮሮውን ጠረገ። "ደንቡ የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል..."

"ከመቃብር ተነሥተው ይፈርሙልህ?"

ገለበጡኝ። መጀመሪያ ያየሁት ሣርና የእትዬ ቴግዌንን ቦት ጫማ ነው። እንደያዙኝ ሃያ እርምጃ ወሰዱኝ፤ የሚታየኝ የድልድዩ እግር ብቻ። ጌቲን እንደ በሬ ያለከልካል፣ "በቃሽ ወይ?" ይላል። "ወደ ወንዙ" አልኩ። ትንሽ ሄዱ። ትንሽ ደግሞ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ዝም አለ። እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ አንተማ ታውቀዋለህ። ወንዙ ከላዬ ነበር፣ ሰማዩ ከሥሬ፣ ሰማዩም መጨረሻ የለውም። ከተማው እንዳለ ተንጠልጥሏል፤ የጸሎት ቤቱ ጣራ፣ ጢስ ማውጫዎቹ፣ ሁሉም ወደዚያ ግራጫ ጥልቅ ወደ ታች ያመለክታሉ፣ ጢሱም ቁልቁል ይወርዳል፣ አንዱም ግን አይወድቅም። አኻያው ቅጠሉን እንደ መጋረጃ ወደ ላይ ሰብስቦ ከሥሩ ትንሽ ክፍተት ትቷል። በክፍተቱ ውስጥ የድልድዩ ቅስት፣ በቅስቱ ውስጥ፣ ድቡልቡል፣ ነጭ፣ ሰዓቱ። ልክ አንተ እንዳልከው። ልጅ ሳለን ኒውዚላንድ ሰው ሁሉ ተዘቅዝቆ የሚሄድ ይመስለን አልነበር? ለአንዲት ደቂቃ አንተ ያለህበት የደረስኩ መሰለኝ። አለቀስኩ፤ እንባዬ ወደ ግንባሬ ነው የፈሰሰው። ራሴን ሦስት ጊዜ ሣሩን አስነኩኝ።

"አየሁት!" ብዬ ጮኽኩ። "ወንድሜ አልዋሸም! አልዋሸም!"

እዚያው ቆፈሩ። አንድ ክንድ ሳይወርዱ ዙሪያውን የተደረደሩ ማስደገፊያ ድንጋዮች ተገኙ፣ መሐሉ ባዶ፣ የእኛን ድንጋይ ይጠብቃል። ሲያስገቡት ልክክ አለ። ባለ ካርታው ሰውዬ ያን የሚያብረቀርቅ ጫማውን ረስቶ በሆዱ ጭቃው ላይ ተኛና አሻቅቦ አየ። ብዙ ቆየ። ሲነሣ፣ "ሰዓቱ ይታያል። መስኩ የእናንተ ነው ብዬ እጽፋለሁ" አለ። እትዬ ቴግዌን አቀፉት፣ ጭቃውን ሁሉ ተቀባቡት።

እንግዲህ መስኩ ተረፈ። ያተረፍከው አንተ ነህ፤ በሰባት ዓመትህ የተናገርካት ቃል ናት። ይህን የነገርኩህ ለምስክርነት ፈልጌህ አይደለም፣ ምስክርነትህ ትናንት ደርሷል። የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ማኅተም አለበት፣ እኔ ራሴ ነኝ የፈረምኩበት። ግድግዳ ላይ ስቀለው፣ ወይም እሳት አንድድበት፣ የራስህ ነው። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ሦስቱ ወረቀቶች ላይ ጽፌ ነው የቀደድኳቸው፣ በጣም ትንሽ ሆና ስለታየችኝ። ይኸው አሁንም ሌላ አላገኘሁም። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ናፍቀኸኛል። ይህንንም በአርባ ሁለት የገና ካርድ ላይ መጻፍ ስችል የአየሩን ጠባይ ስጽፍልህ ኖርኩ።

ና አልልህም፣ ፊቱም የለኝም። ግን ምናልባት ጉልበትህ ከተሻለውና ከመጣህ፣ ወተት ቤቱ ደጃፍ ላይ አሁን ጉድጓድ ነው ያለው። ዛሬ ጠዋት ሳንቃ ጣል አድርጌበት፣ ሳልዘል ረግጬው ገባሁ። ይንሸራተታል፣ ስትገባ እግርህን ጠንቀቅ አድርግ።

አንተ ጋ ብርዱ ሊገባ ነው፤ የእማማ አምላክ ጉልበትህን ያሙቅልህ፣ በጎችህን ከገደል ይጠብቅልህ፣ ደጅህን ሰላም ያድርግልህ።

ውሸታሟ እኅትህ፣
መረሪድ